ውሃው የሚገባው በመስኮቱ ነው ወይስ በዙሪያው?

ጥያቄ፦ «ከወላጆቻችን የወረስነው ቤት ጉለሌ ይገኛል። በ1964 ዓ.ም. የተሠራ ሲሆን እስከ መስኮቱ ድረስ ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ ብሎኬት ነው። ዘጠኝ የኤል ቲ ዜድ ብረት መስኮቶች አሉት። ሦስቱ ክፉኛ ዝገዋል። ክረምት ሲገባ የሁለት መኝታ ክፍሎች ግድግዳ ከመስኮቱ ሥር ይረጥባል፣ ቀለሙም ይላጣል። የወንዛ የፊት በራችን ሐምሌና ነሐሴ አልዘጋ ስለሚል በየዓመቱ አናጺ ጠርተን እናስልገዋለን፤ በጋ ሲሆን ግን ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ይተዋል። የመታጠቢያ ቤቱ በርም ከታች አብጧል። አንድ ባለሙያ ስናሳይ ዘጠኙንም መስኮት አውጥተን በአሉሚኒየም፣ የፊት በሩንም በብረት እንድንተካ መከረን። እውነት ሁሉም መቀየር አለበት? አጨራረሱስ እንዴት ይሁን?»

መልስ፦ አጭሩን ላስቀድም። ዘጠኙም መቀየር የለባቸውም፤ ሦስቱ ምናልባት። የወንዛ በሩን ግን እባክዎ አያስነቅሉት። ወንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በሕግ የተጠበቁ ዛፎች ናቸው፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ የደረቀ የወንዛ ሳንቃ ዛሬ ልግዛ ቢሉ በቀላሉ አያገኙትም። የመጣው ባለሙያ ሊያታልልዎ ፈልጓል አልልም። እኔም በወጣትነቴ ብረት ብቻ እሠራ በነበረበት ጊዜ የሁሉም ነገር መድኃኒት ብረት ይመስለኝ ነበር።

ከጥያቄዎ ውስጥ ቀልቤን የሳበው «ከመስኮቱ ሥር» የሚለው ነው። እርጥበቱ በመስኮቱ ጎን ወይም ከላይ ቢሆን ኖሮ ሌላ እናገር ነበር። ከሥር ከሆነ ግን የምጠረጥረው መስኮቱን ሳይሆን ደፉን ነው። ደፍ የምለው መስኮቱ ከተቀመጠበት ወደ ውጭ የሚወጣውን የሲሚንቶ ወይም የእብነ በረድ ጠርዝ ነው። ደፍ ሦስት ነገር ማሟላት አለበት፦ ወደ ውጭ መዝመም፣ ከግድግዳው ልስን ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ወጣ ማለት፣ ከሥሩም በርዝመቱ ሙሉ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቦይ መያዝ። ቦዩ ትንሽ ነገር ይመስላል። ውሃ ግን የነካውን ነገር ይዞ የመሄድ ጠባይ አለው፤ የደፉ ጫፍ ላይ ሲደርስ ዝም ብሎ አይወድቅም፣ ከሥሩ ተጠማዝዞ ወደ ግድግዳው ይመለሳል። እዚያ ቦይ ሲያገኝ መሻገር ስለማይችል ይንጠባጠባል።

በ1964 ዓ.ም. ቤትዎን የሠራው ግንበኛ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም። የዚያን ጊዜ ግንበኞች ደፍ ያውቁ ነበር። ችግሩ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ቤቱ ስንት ጊዜ ተቀባ? ስንት ጊዜስ በላዩ ላይ ተለሰነ? ግድግዳው በየልስኑ እየወፈረ ደፉን ይውጠዋል፤ ቀለምና ሲሚንቶም ቦዩን ይደፍነዋል። ጣትዎን ከደፉ ሥር አስገብተው ይዳስሱ። ለስላሳ ሆኖ ካገኙት ከግማሽ በላይ ምርመራው አልቋል።

የቀረውን በውሃ ቱቦ ይጨርሱት። አንድ ሰው መብራት ይዞ ከውስጥ ይቁም፣ ሌላው ከውጭ ውሃ ያፍስስ። የሚጀመረው ከታች ነው። መጀመሪያ ከደፉ በታች ያለውን ግድግዳ ብቻ 10 ደቂቃ ያርጥቡ፣ ቀጥሎ ደፉን፣ ቀጥሎ ብረቱና ልስኑ የሚገናኙበትን መስመር፣ በመጨረሻ መስታወቱን። ከላይ ከጀመሩ ውሃው ሁሉንም እያጠበ ስለሚወርድ በየት እንደገባ አይታወቅም። ከውስጥ ያለው ሰው «መጣ» ሲል ውሃው ያለበት ቦታ ነው ጥፋተኛው። ይህ ምርመራ ከቱቦ ሌላ ምንም አያስወጣም፤ ሆኖም መስኮት ከሚያስቀይሩ አሥር ሰዎች አንዱ እንኳ ሲያደርገው አላየሁም።

ስለዚህ ጉዳይ የምናገረው ተቀጥቼ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ለአንዲት እናት ስድስት የአሉሚኒየም መስኮት ገጠምኩ። ሥራዬ አምሮ ነበር፤ መስመሩ ሁሉ በሲሊኮን ተጠብቆ፣ ጥግ ጥጉ ተስሎ። ሐምሌ ላይ ተጠራሁ። ሄጄ ሳይ የመኝታ ቤቱ ወለል ላይ ውሃ ተኝቷል። የአሉሚኒየም መስኮት የታችኛው ክፈፍ በውጭ በኩል ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት፤ በጎማው አልፎ ክፈፉ ውስጥ የገባው ውሃ በእነዚያ እንዲወጣ ነው። ጎማ ውሃን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያቆምም፤ መስኮቱም የተሠራው ይህ ታውቆ ነው። እኔ ግን ክፍት ቀዳዳ ሳይ እንከን መስሎኝ ሁሉንም በሲሊኮን ደፍኛቸው ነበር። ውሃው መውጫ ሲያጣ ክፈፉን ሞልቶ ወደ ውስጥ ፈሰሰ። እርስዎም አሉሚኒየም ካስገጠሙ መጀመሪያ የሚፈትሹት እነዚያን ቀዳዳዎች ይሁን፤ በሲሊኮን ባይደፈኑ በልሳኙ ሲሚንቶ ይደፈናሉ።

አሁን ወደ ብረት መስኮቶቹ። ኤል ቲ ዜድ ስሙን ያገኘው ብረቶቹ በእነዚያ ፊደላት ቅርጽ ስለሚወጡ ነው። ጥንካሬው አይታማም፣ ጠላቱ በታችኛው ብረት ላይ የሚቆም ውሃ ነው። ካቻቪቴ ይውሰዱና የእያንዳንዱን መስኮት የታችኛውን ብረትና ሁለቱን ጥጎች ጫን አድርገው ይውጉ። ካቻቪቴው ጠንካራ ብረት ካገኘ ዝገቱ የገጽ ነው፣ መስኮቱ ይድናል። እየተፈረፈረ ከገባ ብረቱ አልቋል። ያለቀው የታችኛው ብረት ብቻ ከሆነ ጥሩ በያጅ እሱን ቆርጦ አዲስ ሊተካለት ይችላል። በጎን ያሉትም ከተበሉ ወይም ልስኑ በዙሪያው ተሰንጥቆ ከተነሣ ግን መቀየሩ ይሻላል። ዝገት ከበላው ብረት ብዙ እጥፍ ቦታ ይይዛል፤ መስታወት ያለ ምክንያት ሲሰነጠቅና ልስን ሲገፋ የሚያዩት በዚሁ ነው።

የሚድኑትን ስድስቱን ሲያሳድሱ መስታወቱን ማውጣት ግድ ነው። በላዩ ላይ የሚቀባ ሠራተኛ ከመጣ ይመልሱት፤ ዝገቱ የተሸሸገው መስታወቱን ከብረቱ ጋር ከሚያጣብቀው ስቱኮ ሥር ነው። ስቱኮው በመሮ ይወጣል፣ ብረቱ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እስኪነጣ ይፋቃል፣ በዚያው ቀን ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባል። «በዚያው ቀን» ያልኩት በከንቱ አይደለም፤ የተፋቀ ብረት አንድ ሌሊት በጤዛ ካደረ ጠዋት ቀይ ሆኖ ይጠብቅዎታል። ሁለት እጅ ፀረ ዝገት ከተቀባ በኋላ መስታወቱ በአዲስ ስቱኮ ይገባል። ስቱኮው በጣት ሲነኩት የማይጣበቅ ቆዳ እስኪያወጣ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይጠበቅ፣ ከዚያ ሁለት እጅ የዘይት ቀለም። ቀቢው ቀለሙን ስቱኮው ጫፍ ላይ እንዳያቆመው ይንገሩት፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ወደ መስታወቱ መሻገር አለበት። ይህ ዝርክርክነት እንዳይመስለው፤ በስቱኮና በመስታወት መካከል ያለችውን ክር የምታህል ስንጥቅ የሚዘጋው እሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የዚያ ዘመን የዘይት ቀለም እርሳስ የተባለውን ማዕድን የያዘ ሊሆን ይችላል፤ በአገራችን የቀለም የእርሳስ መጠን በሕግ የተገደበው በቅርብ ዓመታት ነው። ትቢያው ለሕፃናት አእምሮ ጎጂ ነው። ስለዚህ አሮጌውን ቀለም በደረቁ በማሽን አያስፍቁ፤ ውሃ እያስነኩ ይፋቅ፣ መሬት ላይ ፕላስቲክ ይነጠፍ፣ ልጆችና ነፍሰ ጡር ከአካባቢው ይራቁ።

የሚቀየሩት ሦስቱ መስኮቶች አሉሚኒየም ቢሆኑ እኔም እስማማለሁ። የመኝታ ቤቶቹ ግን በማጠፊያ የሚከፈቱ ይሁኑ፣ ተንሸራታች አይሁኑ። ተንሸራታች መስኮት በረንዳ ላለው ፊት ጥሩ ነው፤ ዝናብ ለሚመታው ግድግዳ ግን የማጠፊያው ይበልጣል፣ ሲዘጋ ጎማውን ጨምቆ ስለሚይዝ። የክፈፉ አሉሚኒየም ውፍረት ከ1.2 ሚሊ ሜትር ካነሰ እኔ አልቀበልም። ድርብ መስታወት ያስፈልጋል ወይ ለሚል፦ ዋና መንገድ ዳር ሆነው የመኪና ጩኸት ካላስቸገረዎት አያስፈልግም። የጉለሌ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ቤት የሚገባው ከመስታወቱ ይልቅ በክፍተቱ ነው፤ ገንዘቡ ለጥሩ ጎማ ይዋል።

ልኬቱ ላይ ቸኩለው እንዳይለኩልዎ። አሮጌ ቀዳዳ ቀጥ ያለ አይደለም። ስፋቱ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች፣ ቁመቱም ከግራ፣ ከመሐልና ከቀኝ ይለካ፤ ከጥግ እስከ ጥግ ያሉት ሁለቱ ሰያፎችም ይነጻጸሩ። ትንሹ ልክ ይወሰድና ከስፋቱም ከቁመቱም ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ይቀነስ። ይህን የሚቀንሱት ለሠራተኛው ምቾት ብቻ አይደለም። አሉሚኒየም ይለጠጣል፤ ሁለት ሜትር የሆነ ክፈፍ በሌሊቱ ብርድና በቀኑ ፀሐይ መካከል 40 ዲግሪ ልዩነት ካየ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። የፕላስቲክ መስኮት ደግሞ ከዚህ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይለጠጣል። ግድግዳው ውስጥ በሲሚንቶ የተቆለፈ መስኮት መለጠጫ ሲያጣ ወይ ይጎብጣል ወይ ልስኑን ይሰነጥቃል።

አሮጌው ሲወጣ በመዶሻ አይደብደብ። ብረቱ መሐል ላይ በግራይንደር ተቆርጦ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ይውጣ፤ የግድግዳው ጠርዝ ይተርፋል። የተፈረፈረው ጠርዝ በሲሚንቶ ተሞልቶ ከደረቀ በኋላ ብቻ ይሰርሰር፣ ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ፊሸር (ብሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ) ብቻውን አይዝም። ብሎኖቹ ከየጥጉ በ15 ሴንቲ ሜትር ይጀምሩና እርስ በርሳቸው ከ60 ሴንቲ ሜትር አይራቁ። የታችኛው ክፈፍ ላይ ቁልቁል የተመታ ብሎን ካዩ ግን ሥራው ይቁም፤ ያ ቀዳዳ የውሃ መግቢያ ነው። ክፈፉ በውሃ ልክና በቱንቢ ተስተካክሎ ከታሰረ በኋላ ክፍተቱ በፎም ይሞላል።

ፎም ውሃ አይከለክልም። ይህን ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም። ፎም ሙቀት ይይዛል፣ ድምፅ ይቀንሳል፣ ዝናብ ሲያገኘው ግን እንደ ስፖንጅ ይሆናል፣ ፀሐይ ሲያገኘውም ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። ተቆርጦ በልስን መሸፈን አለበት። ውሃውን የሚከለክለው በውጭ በኩል በልስኑና በአሉሚኒየሙ መካከል የሚገባው ሲሊኮን ነው፤ ሲሊኮኑም ሁሉ አንድ አይደለም። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ለመስታወት እንጂ ለሲሚንቶ አይሆንም፤ አሲዱ ከሲሚንቶው ጋር ተጣልቶ ከጊዜ በኋላ ይላቀቃል፣ ብረትም ያዝጋል። የማይሸተውን፣ ገለልተኛ የሚባለውን ይግዙ። ሲሊኮን ቀለም እንደማይቀበል ለቀቢው ይንገሩ፤ ስለዚህ ግድግዳው ተቀብቶ ሲያልቅ ይሞላ፣ አለበለዚያ ቀለም የሚቀበል የፖሊዩሪቴን ማሸጊያ ይጠቀሙ።

ልሳኙ ሲመጣ አሉሚኒየሙ በወረቀት ፕላስተር ይሸፈን፤ እርጥብ ሲሚንቶ የነካው የአሉሚኒየም ቀለም ወይም ሽፋን ይበላል፣ እድፉም አይለቅም። ከፋብሪካው የመጣውን መሸፈኛ ፕላስቲክ ግን ሥራው ሲያልቅ ወዲያው ይላጡት። እንደ አዲስ ሶፋ ፕላስቲክ ለዓመት የሚያቆዩት ሰዎች አሉ፤ ፀሐይ አጣብቆት በምላጭ ሲፋቅ የሚውል ሠራተኛ አይቻለሁ። ደፉንም አይርሱ። አዲሱ መስኮት ከመግባቱ በፊት ደፉ ይስተካከል፣ ቦዩም እንደገና ይውጣ፤ ለቀሩት ስድስቱም እንዲሁ። መስኮት ሳይቀየር ይህ ብቻ ተሠርቶ የደረቀ ግድግዳ ብዙ አውቃለሁ።

ስለ ፍርግርጉ አልጠየቁም፤ የዚያ ዘመን ቤት ሁሉ ስላለው ግን ልናገር። ከየመኝታ ክፍሉ ቢያንስ አንዱ መስኮት ፍርግርጉ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን፣ ቁልፉም በእጅ የሚደረስ ቦታ ይንጠልጠል። እሳት ቢነሣ ሌባን የከለከለው ብረት እናንተንም ይከለክላል።

አሁን ወደ በሩ፣ ወደምወደው። እንጨት በሰበዙ፣ ማለትም በውስጡ በሚታዩት መስመሮች፣ አቅጣጫ ሳይሆን በወርዱ ያብጣል፣ ይቀንሳል፤ ርዝመቱ ግን አይለወጥም ማለት ይቻላል። ሐምሌ ላይ በሩ እርጥበት ጠጥቶ አብጧል። አናጺው በዚያ ቀን የላገው፣ ጥር ላይ ሲደርቅ የሚጎድለውን እንጨት ነው። በየዓመቱ እንደዚያ ሲደረግ ጣት የሚያሳልፈው ክፍተት ተፈጠረ። በር የሚላገው በክረምት አይደለም። ሐምሌ ላይ የሚነካካበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ፣ መላጊያው ጥር ላይ ይውጣ።

ከመላግ በፊት ግን ማጠፊያዎቹን ይዩ። በላይ በኩል በቁልፉ ጎን መቃኑን የሚነካ፣ በታች በኩል ግን ክፍተት የሚሰጥ በር አላበጠም፣ ዘንብሏል። የላይኛው ማጠፊያ ብሎኖች ላልተዋል ማለት ነው። ቀዳዳውን በእንጨት ሽብልቅና በሙጫ ሞልቶ እንደገና ማሰር በቂ ነው። የእርስዎ በር ከባድ የወንዛ ሳንቃ ስለሆነ ሁለት ማጠፊያ ብቻ ካለው ሦስተኛ ይጨመርለት።

የጎደለውን እንጨት ለመመለስ በሩ ይውረድና በማጠፊያው ጎን፣ በቁልፉ ጎን ሳይሆን፣ የሚያህለው የደረቀ ወንዛ ይለጠፍ። ማጠፊያው በኩል ከሆነ ስፌቱ አይታይም፣ የቁልፉም ቦታ አይነካም። በጋ ላይ በጎንና በላይ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተው፤ ክረምት ሲመጣ ወደ 2 ወይም 3 ይጠባል። ሰው ሁሉ የሚረሳው ደግሞ ይኸውልዎ። በር ስድስት ገጽ አለው። አናጺዎቻችን አራቱን ይቀቡና የላይኛውንና የታችኛውን ጫፍ ጥሬውን ይተዋሉ፣ ተሰቅሎ ስለሚቀባ አይታይማ! እንጨት ግን ውሃ በብዛት የሚጠጣው በተቆረጠ ጫፉ ነው፤ ልክ እንደ ተቆረጠ የሸንኮራ አገዳ አንገት። በሩ ወርዶ እያለ እነዚያ ጫፎች ሦስት እጅ ይቀቡ። በየሐምሌው አናጺ የሚያስጠራችሁ ምክንያት ምናልባት ይህ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ለአጨራረሱ አሮጌው ቫርኒሽ ይፋቅ፣ በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይጀመርና በ120 እና በ180 ይለስልስ፤ ሁልጊዜ ሰበዙን ተከትሎ። የመጀመሪያው እጅ ቫርኒሽ ትንሽ በቲነር ቀጥኖ ወደ እንጨቱ ይግባ፣ የቀሩት ሁለቱ ወይም ሦስቱ ሳይቀጥኑ፣ በየመሐላቸው በ220 እየተዳሰሱ። ቫርኒሹ «የውጭ» የተባለ፣ ፀሐይን የሚከላከል ይሁን። ለቤት ውስጥ የሚሆነውን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የአዲስ አበባ ፀሐይ ብዙ ሳይቆይ ይልጠዋል። የተልባ ዘይት የሚወዱ ከሆነ መልኩ ያምራል፣ የተቀባበትን ጨርቅ ግን ጨብጠው ጥግ አይጣሉት፤ እየደረቀ ሲሄድ ራሱ ሙቀት ፈጥሮ በራሱ ሊነድ ይችላል። ውጭ ዘርግተው ያድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ይንከሩት።

የመታጠቢያ ቤቱን በር በተመለከተ ብዙ የምለው የለም። ከታች ያበጠው ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የተሠራ ሳንቃ) ከሆነ አይመለስም፤ ይቀየር። አዲሱ ከወለሉ አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ የታችኛው ጫፉም ከመሰቀሉ በፊት ይቀባ።

ጥያቄዎ የደረሰኝ በመጋቢት መጨረሻ በመሆኑ ጊዜ አለ፣ ግን ብዙ የለም። ደፉና መስኮቶቹ በሚያዝያ ይሠሩ፤ የበልግ ዝናብ ከመጣ ጥሩ ፈተና ነው። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ቀለም ከመቀባቱ በፊት አራት ሳምንት ያህል መድረቅ ስላለበት ቀለሙ ግንቦት መጨረሻ ላይ ይደርሳል። በሩ እስከ ጥር ይታገሥ፤ ለዚህ ክረምት የላይኛውንና የታችኛውን ጫፍ ብቻ ይቀቡለት። ሰኔ ላይ የሚጀምር ሠራተኛ ካገኙ ግን አይቀበሉት፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ከመስኮት ሠሪው ጋር ሲዋዋሉ ከክፍያው የተወሰነውን እስከ ሐምሌ መጨረሻ እንደሚያቆዩ በጽሑፍ ያስፍሩ። ቅር ይለዋል፣ ይስማማል። እነዚያ እናትም አምስተኛውን እጅ ይዘውብኝ ነበር፤ ቀዳዳዎቹን ከፍቼ ገንዘቤን የተቀበልኩት ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ እየዘነበ፣ እሳቸው ወለሉን በእጃቸው ከዳሰሱ በኋላ ነው።